ስለ አዲሶቹ የቴሌቪዥን ድራማዎች የመጀመሪያ ክፍል

ክረምቱ አልፎ ዓመቱ ሲለወጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አዳዲስ ተከታታይ ድራማዎችን ማቅረብ ልማድ አድርገዋል። የመጀመሪያው ክፍል በታየ ማግስትም በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራኑ ማረፊያ ፍርድ ይሰጣል፤ አንዱ «አይረባም» ሲል፣ ሌላው «እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» ይላል። እኛም በዚህ ወቅት ከጀመሩት ጥቂቶቹን ተመልክተናልና ያደረብንን የመጀመሪያ ስሜት ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ክፍል ብቻ ሊፈረድበት የሚገባው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

እንጀራ የምትጋግር ሴት የመጀመሪያው እንጀራ ዐይኑ ባያምር አትደነግጥም፤ ምጣዱ ገና አልጋለምና። ሊጡ ደኅና አድርጎ መቡካቱን ወይም መሆምጠጡን ግን ከዚያው ከመጀመሪያው እንጀራ ቀምሳ ታውቀዋለች። የድራማም ነገር እንዲሁ ነው። የተዋናዮቹ አለመላመድና የታሪኩ መዘግየት የምጣዱ ጉድለት ስለ ሆነ ጊዜ ያርመዋል።

ለዚህም ማስረጃ አይጠፋም። በአሜሪካ «ቺርስ» የተባለው አስቂኝ ድራማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1982 ሲጀምር፣ በዚያ ሳምንት ከታዩት 77 ዝግጅቶች መካከል በተመልካች ብዛት 74ኛ ነበር፤ ነገር ግን እስከ 1993 ድረስ 11 ምዕራፎች ዘለቀ። «ሳይንፌልድ» የተባለውም በ1989 ለሙከራ በታየ ጊዜ ደካማ ተብሎ፣ ጣቢያው ያዘዘው ተጨማሪ 4 ክፍል ብቻ ነበር፤ እርሱም እስከ 1998 ቆየ። የችኮላውን ፍርድ ጊዜ ሻረው ማለት ነው።

እኛም ራሳችን ከዚህ ስሕተት አልዳንንም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን «እረኛዬ» ሲጀምር አካሄዱ የዘገየ መስሎን ጣቢያውን ለውጠን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመለሰን ታሪኩ አልነበረም፤ በጓዳ ሳለን የሰማነው የተዋናይት ድርብወርቅ ሰይፉ ንግግር ነው። ምስሉን ሳናይ፣ የምትናገረው የባላገር እናት እንደ ሆነች በቃሏ ዐወቅናት። ሊጡን መቅመስ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ አዲስ ድራማ ሲጀምር ዐይንን ጨፍኖ ማዳመጥን ለአንባቢዎቻችን እንመክራለን። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረውን «የቀን ቅኝት»ን ያዳመጠ ሰው፣ ፊታቸውን ሳያይ ሰዎቹን በአነጋገራቸው ይለያቸው እንደ ነበር ያስታውሳል።

በዚህ ወቅት ከተመለከትናቸው አንዱ፣ በአንድ ክፍል ብቻ አዋርደነው እንዳንገኝ ስሙን አንጠራውም፣ ቤቱ ያማረ፣ መብራቱ የጠራ፣ ተዋናዮቹም የታወቁ ናቸው። በታሪኩ ውስጥ ለአንዲት እናት የልጃቸው ሞት በስልክ ይነገራቸዋል። እርሳቸውም «ይህን ማመን አልችልም» ይላሉ። የግቢው ዘበኛ ደግሞ ቀርቦ «ስሜትዎን እረዳለሁ» ይላል። ዐይናችንን ብንጨፍን እናቲቱንና ዘበኛውን የሚለየን የድምፃቸው ቅጥነትና ውፍረት ብቻ ነበር። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌና በዘመድ ተከብቦ የሚነገር ነገር ነው። እናት «ልጄን! ልጄን!» ብላ ደረቷን ትመታለች እንጂ ማመን ስለ መቻልና ስላለመቻል አትናገርም፤ ዘበኛውም «እግዜር ያጥናዎ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። እርግጥ ነው፣ በከተማ መርዶ በስልክ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ስልኩ ቢለወጥም ግን ኀዘኑ ቋንቋውን አልለወጠም።

ይህ አነጋገር ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። የቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ መስማት ተለምዷል። ይህን የሚመልስ ተርጓሚ ቃሉን ከባዕዱ ተዋናይ የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማስማማት ግዴታው ነው፤ አማርኛችን ደግሞ ግሡን ወደ መጨረሻው የሚያኖር ስለ ሆነ ዐረፍተ ነገሩ ቢጨናነቅ አይፈረድበትም። የሚያስደንቀው የገዛ አገሩን ተዋናይ ይዞ፣ የሚያስገድደው ከንፈር ሳይኖር፣ የእኛ ደራሲ ያንኑ አማርኛ ሲጽፍ ነው።

ሁለተኛው ድራማ በአንጻሩ ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ተዋናይም ሳያስበው ወደ ካሜራው ተመልክቷል። ነገር ግን አንዲት የጉልት ነጋዴ ዋጋ ቀንሺ ስትባል «ኧረ ልጄ፣ መግዣውንም አልመለሰልኝ» ብላ ቲማቲሙን እየደረደረች መለሰች። የሴትዮዋ ኑሮ በዚያች በአንዲት ቃል ተነገረን። ይህን ድራማ ሳምንት ቆጥረን እንጠብቀዋለን።

ነገሩ ለደራሲዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ልጆቻችን በየምሽቱ ከቴሌቪዥን የሚሰሙትን በማግሥቱ በድርሰት ደብተራቸው ይጽፉታልና፤ ቀይ እስክርቢቶ የያዘ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። ተከታታይ ድራማ ደግሞ ብዙ ጊዜ እየታየ የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የተነገረ ጉድለት በሚመጣው ወር ሊታረም ይችላል። እንግዲህ ስለ ታሪኩ ፍርዳችንን እናቆይ፤ ስለ ቋንቋው ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረን እንናገር። ደራሲዎቻችንም የተዋበውን ሳሎን ከመፈለጋቸው አስቀድመው ወደ ጉልቱና ወደ ልቅሶው ቤት ሄደው ያዳምጡ።