ድንጋይ የተከለከለ ቤተ ክርስቲያን

በፖላንድ፣ ሽፊድኒጻ ከተማ ያለው የሰላም ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ጎተራ ይመስላል። ከሠላሳው ዓመት ጦርነት በኋላ ካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ፈርዲናንድ ለሉተራውያኑ የፈቀደላቸው እንዲህ ያለውን ብቻ ነበር፦ ድንጋይና ጡብ የሌለው፣ የደወል ማማ ያልተሠራለት፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ የቆመ፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅ። የምሽግ መሐንዲሱ አልብሬሽት ፎን ዜቢሽ ንድፉን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1657 በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ 7,500 ያህል ሰው የሚይዝ ቤት ቆመ። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው! ጣሪያውን የዮሐንስ ራእይ ሥዕሎች ሞልተውታል፤ በግድግዳዎቹ ዙሪያ የተደራረቡት ያጌጡ ሰገነቶች ያን ሁሉ ሕዝብ ወደ ሰባኪው ያቀርቡታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ጭቃው ነው፤ ከ360 ዓመት በኋላም ጸንቶ ቆሟል። በዚሁ ፈቃድ በግሎጉፍ ከተማ የተሠራው አቻው እ.ኤ.አ. በ1758 ተቃጥሏል፤ በያቮር ከተማ የተሠራው ግን ዛሬም አለ።