ተከታታይ ምዘና ወይስ ተከታታይ ፈተና?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተማሪው ችሎታ በተከታታይ ምዘና እንዲታወቅ ደንግጓል። የዚህ ዓይነቱ ምዘና ዓላማ መምህሩ የተማሪውን ጉድለት በጊዜው ተረድቶ እንዲያርም ማስቻል ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች አንዱ ትልቅ ፈተና በትንንሽ ፈተናዎች ተተካ እንጂ የነጥብ አሰጣጡ ባሕርይ አልተሻሻለም። ነጥቡ ይደመራል፤ ስሕተቱ ግን ሳይታረም ይታለፋል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ሌሎቹን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያሸጋግር የኖረው ነጥብ ምን ይለካ ነበር?

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር እንሰትን ለምሳሌ ሊወስድ ይችላል። ተማሪው የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ የሚሆንበትን ምክንያት ጽፎ ያቀርባል፤ መምህሩ በቁጥር ፈንታ አስተያየት ይሰጠዋል፤ ነጥቡም ታርሞ ለቀረበው ሥራ ይሆናል። ይህ አሠራር ጊዜ ይጠይቃል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ለመጨረስ የሚጣደፍ መምህር ሊፈጽመው ስለማይችል፣ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች ከነጥቡ ቀመር አስቀድመው የምዕራፎቹን ብዛት ሊቀንሱ ይገባል።