የሰማይ ድንጋይ በውሃ ኩባያ ሲመዘን!

ልንገራችሁማ! ከሰማይ የወረደን ድንጋይ ከምድር ድንጋይ ለመለየት የሚደረገው የመጀመሪያ ምርመራ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። አንዲት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ አንድ ኩባያ ውሃና ክር ካላችሁ በቂ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወረታ ውስጥ ያገኘሁትን ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ሳላነሳ ማለፍ አቅቶኛል። እንዲህ ርካሽ ሆኖ እንዲህ ልብ የሚሰቅል ሳይንስ አይቼ አላውቅም!

ድንጋዩን መጀመሪያ ደረቁን መዝኑት፤ 174 ግራም ሆነ እንበል። ቀጥሎ ውሃ የያዘውን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ድንጋዩን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አጥልቁት፤ ሙሉ በሙሉ ይስጠም እንጂ የኩባያውን ታችም ሆነ ጎን አይንካ። ሚዛኑ ወዲያው ሌላ ቁጥር ያወጣል፤ 60 ይበል። ይህ ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የድንጋዩን ይዘት አገኛችሁ ማለት ነው። 174ን ለ60 ስታካፍሉ 2.9 ይመጣል፤ ይህ የኛው የጥቁር ድንጋይ፣ የባዛልት እፍግታ ነው። ሲወድቁ ከታዩት የሰማይ ድንጋዮች (ሜትሮራይቶች) አብዛኞቹ ኮንድራይት የሚባሉት ናቸው፤ የእነሱ እፍግታ ብዙውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.8 ነው። ብረታማዎቹማ ከ7 ያልፋሉ! አንዲት ማካፈል ድንጋዩ ስለተወለደበት አገር ፍንጭ ትሰጣችኋለች።

የሰማይን ድንጋይ ለመለየት ማግኔት ብቻውን ግን እኛ አካባቢ አያዋጣም። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱበት የጉና ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልቱ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ስላለው ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሲጠጋው ሳብ ያደርገዋል። ስለዚህ ድንጋዩን ገልብጣችሁ እዩት። ከጠፈር የመጣ ድንጋይ አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ላዩ ቀልጦ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ አንዳንዱም ሊጥ በአውራ ጣት የተጫነ የመሰለ ጎድጓዳ ምልክት ይይዛል። ላዩ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ከሆነ ወይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ወይ ከአንጥረኛ ምድጃ የወጣ የብረት ዝቃጭ። ድንጋዩን በሴራሚክ ንጣፍ ባልተቀባው ጀርባ ላይ ፈግፍጉት፤ ቀይ ቡናማ መስመር ካሰመረ ሄማታይት፣ ደማቅ ጥቁር ግራጫ ካሰመረ ማግኔታይት ነው። ጥግ ላይ በሞረድ ትንሽ ሲሞረድ ብርማ የብረት ፍንጣሪዎች ብልጭ ብልጭ ካሉ ግን፣ ያኔ ልባችሁ ይምታ!

ወረታ ያለችበት ፎገራ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሜዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ርብና ጉማራ ለዘመናት ያስተኙት ደለል ላይ፣ ከኮረብታው ግርጌ ርቃችሁ በሩዝ ማሳው መካከል ስትሄዱ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ እዚያ የተገኘ ድንጋይ ሰው ያመጣው፣ ጎርፍ ያንከባለለው ወይም ሌላ ታሪክ ያለው ነው። ዋልካው ድንጋይ ይውጣል፣ የክረምቱ ውሃም ብረትን ያዝጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ ከገበሬው ዓይን የሚያመልጥ ድንጋይ የለም።

ህልም ነው የምትሉኝ ካላችሁ ጎረቤታችንን ሱዳንን ተመልከቱ። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ሪቻርድ ኮዋልስኪ አንድ አስትሮይድ አየ። 20 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 27 ከሌሊቱ 11፡46 ላይ፣ ያ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አካል በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ከመውደቁ በፊት በጠፈር ላይ የታየ የመጀመሪያው አስትሮይድ ነው! ቁርጥራጩን ያገኙት እነማን መሰሏችሁ? የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙዓዊያ ሻዳድና የሴቲ ተቋሙ ፒተር ጄኒስኪንስ ያስተባበሯቸው ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው። በረሃው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በእግራቸው አሰሱት። በተከታታይ አሰሳ ከ600 በላይ ቁርጥራጮች ተሰብስበዋል፤ በአንድ ላይ 10.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ድንጋዮቹ በአካባቢው ባለ የባቡር ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ ተብለዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የኛ ተማሪዎች በሩዝ ገለባው መካከል ሲሰለፉ ይታየኛል።

ድንጋዩ ከሰማይ ሲወርድ የሚነደውን ብርሃን ማየትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ስለሚበር አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የሮኬትና የሳተላይት ስብርባሪ ግን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጎን ተኝቶ፣ እየተበጣጠሰ አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ይጓዛል። ደማቅ ብርሃን ታይቶ «ጣና ውስጥ ገባ» ሲባል ወዲያው አትቀበሉ፤ ብርሃኑ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ቅርብ የመሰለው ነገር ሌላ ዞን ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን፣ ከየት ወደ የት እንደሄደና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፉ። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ጆሯችሁን ጣሉ፦ ድምፅ በደቂቃ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጉምጉምታው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከመጣ ፍንዳታው ከእናንተ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ድንጋይ መሬት የደረሰበት ዕድል ከፍ ይላል!

የወደቀው ነገር ብረታ ብረት ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ማኩዌኒ በምትገኘው ሙኩኩ መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወርዷል። እንዲህ ያለው ስብርባሪ መርዛማ ነዳጅ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ሳትነኩ ለፖሊስ አሳውቁ።

የወረታ የሳይንስ መምህራን ሆይ፣ ሚዛንና ኩባያ ክፍል ውስጥ አስገቡ፤ ተማሪዎቹ ከየማሳው ድንጋይ ያምጡ። ምርመራውን ሁሉ ያለፈ ድንጋይ ካገኛችሁ ከዚያ ወዲያ አትስበሩት፣ አትጠቡት፤ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ፣ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ወደ ጂኦሎጂ ባለሙያ ውሰዱት። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ደግሞ ጄሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ የሚበረታበት ሌሊት ነው። ጋቢያችሁን ደርባችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከከተማው መብራት ወጣ በሉ!