ከዱዌም እስከ ጀብራ፦ የመምህራን አሠልጣኝ ምርምር የት ይሠራል?

የመምህራን አሠልጣኝ ዛሬ ሁለት ፋይል አለው። አንዱ የሙያ ማሻሻያ ፋይል ሲሆን የተካፈለባቸው ሥልጠናዎች የምስክር ወረቀት ይታሰርበታል። ሌላው የማዕረግ ዕድገት ፋይል ነው፤ በምርምር መጽሔት የታተሙ ጽሑፎቹ ይገቡበታል። ሁለቱም ፋይሎች ሞልተው ሳለ ባለቤታቸው የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆሞ ካስተማረ ዐሥር ዓመት ሊያልፈው ይችላል፤ ይህንንም የሚጠይቀው አካል የለም። በአዲስ አበባም ሆነ በካርቱም ስለ መምህራን አሠልጣኞች ብቃት ሲነሣ ክርክሩ የሚያተኩረው ፋይሎቹን እንዴት ማወፈር እንደሚቻል ላይ ነው፤ ተጨማሪ ሥልጠና፣ ተጨማሪ ኅትመት፣ ከፍ ያለ ዲግሪ። እኔ የምከራከረው ፋይሎቹ ሁለት መሆናቸው ራሱ ስሕተት ነው ብዬ ነው። የመምህራን አሠልጣኝ ምሁራዊ ሥራ ለሕፃናት የሚሆን ትምህርት ማዘጋጀት፣ ክፍል ውስጥ መሞከር፣ ያልሠራውን አርሞ መጻፍ ነው። የሙያ ዕድገቱም ከዚሁ ሥራ የሚገኝ እንጂ ለብቻው በሥልጠና የሚጨመርለት አይደለም።

ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ተቋም ከደቡብ ካርቱሙ ጀብራ ሠፈር ሩቅ አይደለም። ነጭ ዓባይን ተከትለው ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ ዱዌም ከተማ ይገኛል፤ አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ1934 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የበኽት አር-ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ተመሠረተ። ሥልጠናውን ከካርቱምና ከኦምዱርማን አውጥቶ ገጠር መውሰዱ በዚያን ጊዜ ብዙዎችን አላስደሰተም። የተቋሙ ኃላፊ ቪ. ኤል. ግሪፊትስ ነበር፤ ከጎኑ ከቆሙት ሱዳናውያን ዋነኛው ዐብዱራህማን ዐሊ ጣሃ ሲሆን በኋላ በ1948 የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። በኽት አር-ሩዳን ልዩ ያደረገው የሥራ ክፍፍሉ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ሥራው አለመከፋፈሉ። ዕጩ መምህራንን የሚያሠለጥነው ሰው ራሱ የመማሪያ መጽሐፉንና የመምህሩን መምሪያ ያዘጋጃል፤ ረቂቁ በግቢው በተያያዙት ትምህርት ቤቶች ይሞከራል፤ የተመረቁ መምህራን ከዓመታት በኋላ ለማነቃቂያ ኮርስ ተመልሰው ሲመጡ ከመስክ የያዙትን ቅሬታ ያቀርባሉ፤ መጽሐፉም እንደገና ይታረማል። በ1946 መውጣት የጀመረው «አስ-ሲብያን» የተሰኘው የልጆች መጽሔት እንኳ የዚሁ ጥረት ቅጥያ ነበር።

ይህ አሠራር ያፈራውን ለማየት አንድ መጽሐፍ ይበቃል። ዐብዱራህማን ዐሊ ጣሃ የሱዳን ሕዝብ በየአካባቢው ኑሮውን እንዴት እንደሚያገኝ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጀ። የመጽሐፉ ስልት ተማሪውን በሐሳብ ጉዞ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው እየወሰደ ከእኩያው ልጅ ጋር ማገናኘት ነው፦ በሰሜን አል-ጎልድ ላይ ከተምርና ከመስኖ፣ በባባኑሳ ከከብት አርቢዎች፣ በደቡብ ጫፍ ያምቢዮ ላይ ከዛንዴ ገበሬዎች፣ በአትባራ ከባቡር ሠራተኞች። ቦታዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ዝርዝሩም ከእንግሊዝ አትላስ የተገለበጠ ሳይሆን አዘጋጆቹ በየቦታው ሄደው ያዩት ነበር። ይህ በዛሬ አነጋገር የመስክ ጥናት ነው፤ ግን የጥናቱ ውጤት የታተመው የሥራ ባልደረቦች ብቻ በሚያነቡት መጽሔት ላይ ሳይሆን ሕፃን በሚይዘው መጽሐፍ ላይ ነው። ዛሬ አንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ይህ መጽሐፍ ቢቀርብለት ስንት ነጥብ እንደሚሰጠው መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚህ ላይ ይነሣል፦ በኽት አር-ሩዳ የቅኝ ግዛት ውጤት ነው። እውነት ነው፤ ቀላልም አይደለም። እንግሊዞቹ ሥልጠናውን ወደ ገጠር ያወጡበት አንዱ ምክንያት በከተማ የተማረው ወጣት ፖለቲካ ይይዘዋል የሚል ፍርሃት ነበር። የሕፃኑን ዓለም በሚኖርበት አካባቢ ላይ መመሥረት ከፍ ያለ ምኞት እንዳይኖረው ወደ ማድረግ ሊያዘነብል ይችላል። ተቋሙ የተደራጀው በዋናነት ለወንዶች ነው፤ ግሪፊትስ ራሱ በ1953 ያሳተመው የልምድ መጽሐፍ የሚመለከተው የወንዶችን ትምህርት፣ ያውም የሙስሊሙን ሱዳን ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ወቀሳ የሚያርፈው በዓላማው ላይ ነው። ረቂቅን በእውነተኛ ክፍል ፈትሾ ማረም ለየትኛውም ዓላማ የሚያገለግል አሠራር ነው፤ ዐብዱራህማን ዐሊ ጣሃም ያምቢዮንና አል-ጎልድን በአንድ መጽሐፍ ሲያገናኝ ለሱዳናዊ ልጅ ስለ አገሩ ሙሉ ሥዕል ሰጥቷል፤ ይህ ደግሞ ቅኝ ገዢው ከሚፈልገው ያለፈ ነበር።

ኢትዮጵያም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወደዚህ ሐሳብ ተጠግታ ነበር። በ1972 በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በባሕር ዳር የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዓላማ በቀጥታ የመምህራን አሠልጣኞችን ማፍራት ነበር፤ በየማሠልጠኛ ተቋሙ የሚያስተምረው ሰው ራሱ የተለየ ሙያ እንዳለው የታመነበት ጊዜ ነው። የባሕር ዳር ታክሲ እስከ ዛሬ «ፔዳ» እያለ የሚጠራው ግቢ ያ አካዳሚ ነው፤ ተቋሙ ግን ኮሌጅ ሆነ፣ በ2000 ደግሞ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ያ የተለየ ተልእኮ ከብዙ ተልእኮዎች አንዱ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው አጋጣሚ የ2003ቱ የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ያመጣው፣ በየኮሌጁ «ኤች ዲ ፒ» የሚባለው የአንድ ዓመት የአሠልጣኞች መርሐ ግብር ነው። ብዙ ባልደረቦች ስለ ኤች ዲ ፒ በምሬት ሲናገሩ እንሰማለን፤ እኔ ግን በንድፉ ላይ የሚወቀስ ነገር ብዙ አላገኝም። አሠልጣኙ ስለ ማስተማሩ መልሶ እንዲያስብና እንዲጽፍ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲያይ፣ ተግባራዊ ምርምር እንዲሠራ ይጠይቃል። እንግዲህ የምትለው ነገር አለ አይደለም ወይ የሚል ተቃዋሚ ንድፉን አንብቦ ከሆነ ልክ ነው።

ንድፉ ያላሰበው ከዓመቱ በኋላ ያለውን ነው። ተግባራዊ ምርምሩ ማኅደረ ተግባር ውስጥ ይገባል፣ ማኅደሩ ይፈረምበታል፣ የምስክር ወረቀቱ ይሰጣል፤ ከዚያ ምርምሩን ማንም አያነብበውም። በምርምሩ ምክንያት የተለወጠ የትምህርት ዕቅድ፣ የታረመ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አይፈለግም። በዚህ መሐል አሠልጣኙ ለማዕረጉ ሌላ ጥናት መሥራት አለበት፤ መጠይቅ በትኖ፣ በመቶኛ ቀምሮ፣ «የመምህራን አመለካከት በ…» የሚል ርእስ ሰጥቶ። ለመማሪያ ጽሑፍ ነጥብ የሚሰጥ ደንብ ባለበትም ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሞጁል ነው እንጂ የሦስተኛ ክፍል የንባብ መልመጃ አይደለም። በትምህርት ቤቶች ያለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም መምህሩን በዓመት 60 ሰዓት ሲጠይቅ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ ሰዓቱ ተቆጠረ፣ ያፈራው ነገር አልተቆጠረም።

ሱዳን ከበኽት አር-ሩዳ ወደዚያው መንገድ የገባችው በ1990ዎቹ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማቱ ተዘግተው ሥልጠናው ለዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ፋኩልቲዎች ተሰጠ፤ በኽት አር-ሩዳም በ1997 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለዚህ የሚቀርበው መከላከያ ከባድ ነው፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ዲግሪ ይገባዋል፣ አሠልጣኙም የሌላው ምሁር ክብርና ደመወዝ ይገባዋል። በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ክብሩ ሲሰጥ የመመዘኛው ደንብ ከፊዚክስና ከታሪክ ክፍሎች እንዳለ ተወሰደ፤ የተያያዙት ትምህርት ቤቶችም ከአሠልጣኙ የዕለት ሥራ ወጡ። እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስቴንሃውስ በ1975 ሥርዓተ ትምህርት ማለት በክፍል ውስጥ የሚፈተሽ መላምት ነው ብሎ ሲከራከር በአውሮፓ እንደ አዲስ ሐሳብ ተወስዶለታል። ዱዌም ላይ ግን ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የዘወትር ሥራ ነበር።

ይህ ሁሉ ለጀብራ ምን ይፈይዳል? ጀብራ ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሚኖሩባቸው የካርቱም ሠፈሮች አንዱ ነበር፤ እዚያ የሚያስተምር ሱዳናዊ መምህር ፊቱ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጥናት የሚሻ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ ዓረብኛ ማንበብ ሲጀምር «ዐይን» የሚባለውን ድምፅ «ሀምዛ» ከሚባለው አይለይም፤ አማርኛ «ዐ» እና «አ»ን፣ «ሐ» እና «ሀ»ን በፊደል እንጂ በድምፅ አይለይምና። ጎኑ የተቀመጠው ትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን እነዚህን ድምፆች ከቤቱ ይዟቸው መጥቷል። መምህሩ ሁለቱንም «ሐበሻ» ብሎ በአንድ ወንበር ካስቀመጣቸው አንዱን ያለ ጥፋቱ ደካማ ያደርገዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ የለመደው ጽሕፈት አናባቢውን ሁልጊዜ ያሳያል፣ የዓረብኛው ግን በታችኛው ክፍል መጽሐፍ ላይ ያሉትን ምልክቶች ወደ ላይ ሲወጣ ያጣቸዋል። ጀብራ ተወልዶ ዓረብኛን ከመንገድ የለመደውና በዘጠኝ ዓመቱ ከመተማ በኩል የገባው ልጅም አንድ አይደሉም። ዐብዱራህማን ዐሊ ጣሃ አል-ጎልድና ያምቢዮ ድረስ የሄደበት ዓይነት ሥራ ዛሬ ቢቀጥል ኖሮ ይህን ክፍል የሚያህል የጥናት መስክ አይገኝም ነበር። የድምፅ ልየታ መልመጃ አዘጋጅቶ፣ ሞክሮ፣ አርሞ ለመምህሩ የሚሰጥ አሠልጣኝ ምሁር ነው፤ በአሁኑ ደንብ ግን ትርፍ ሥራ የሠራ ሰው ነው።

ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ጀብራን ከነነዋሪው በትኖታል፤ በየክፍለ አገሩ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነዋል። ስለዚህ ይህ ሁሉ የሰላም ጊዜ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። የውጭ የሥልጠና ቡድን ከመጋበዝና ከመጽሔት ክፍያ ግን ይህ አሠራር ይቀልላል፤ የሚፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ረቂቅና የማዕረግ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ነው። ያኔም ኮሚቴው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ክፍል ውስጥ የሆነውን የሚያሳይ መዝገብና የታረመውን ትምህርት ይሆናል። የሚቀረው ብርቱ ተቃውሞ የምዘናው ነው፦ እንዲህ ያለ ሥራ ደረጃውን ማን ያረጋግጣል? ሌላ አሠልጣኝ ያንኑ ትምህርት ወስዶ በሌላ ክፍል ያስተምረው። እዚያ መሥራቱ ወይም አለመሥራቱ፣ ክፍሉን አይተው ከማያውቁ ሁለት ስም-አልባ ገምጋሚዎች አስተያየት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።