ስፌቱ የት ገባ? የቆዳ ጀልባና የጥናቱ ጎዶሎ

ስለ ሰሜን አሜሪካ የቅርፊትና የቆዳ ጀልባዎች የሚጽፍ ሰው አንድ መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም። ኤድዊን ታፓን አድኒ ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን ማስታወሻና ንድፍ ለኅትመት ሳያበቃ እ.ኤ.አ. በ1950 ሞተ። የስሚዝሶኒያን ተቋም ባልደረባ የነበረው የጀልባ ታሪክ ሊቅ ሃዋርድ ቻፔል ሥራውን ተረክቦ በ1964 አሳተመው፤ የአርክቲክን የቆዳ ጀልባዎች የሚመለከተውን ምዕራፍም ራሱ ጻፈው። እያንዳንዱ ካያክ (የአንድ ሰው የቆዳ ጀልባ) ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ተነድፏል፤ እያንዳንዱ ጎድንና አግዳሚ ልኩ ተይዟል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየጓሮው ካያክ ከሚሠሩ ሰዎች የብዙዎቹ ባለውለታ ይኸው መጽሐፍ ነው።

ንድፎቹን አተኩሮ ያየ ሰው ግን እንጨቱን በሙሉ ያገኝና ቆዳውን ያጣዋል። ቆዳው በወረቀቱ ላይ ውፍረት የሌለው መስመር ነው። ስንት ቆዳ እንደገባ፣ ስፌቱ በየት በየት እንዳለፈ፣ የትኛው ጠርዝ በየትኛው ላይ እንደተደረበ ንድፉ አይናገርም። ይህ በኔ አስተያየት የቦታ ጥበት ያመጣው አይደለም። እንጨቱን የሚጠርበው ወንድ ነበር፤ ቆዳውን የምትፍቀውና የምትሰፋው ሴት ነበረች። መጥቶ የለካውም፣ ጠይቆ የጻፈውም በአብዛኛው ወንድ ነው፤ የጠየቀውም ወንዱን ነው። የቆዳ ጀልባ ጥናት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጀልባው ግማሽ ጥናት ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የእንጨት አጽሙ መደነቁ አያስገርምም። ግሪንላንድ ለጀልባ የሚሆን ዛፍ የላትም። እንጨቱ ከሳይቤሪያ ወንዞች ወጥቶ ከዋልታው ባሕር በረዶ ጋር ዓመታት ሲንሳፈፍ የቆየ፣ በመጨረሻም ዳርቻ ላይ የተተፋ ግንድ ነው። አናጢው ይህን ፈልጦና ጠርቦ መጀመሪያ ሁለቱን የላይኛ የጎን አግዳሚዎች ያዘጋጃል፤ የግሪንላንድ ካያክ ጥንካሬው ያለው እነሱ ላይ ነው። ጎድኖቹን በፍል ውሃ ወይም በእንፋሎት አለዝቦ ያጎብጣል፤ አልታዘዝ ያለውን በጥርሱ እየነከሰ ያስገድደዋል። ማሰሪያው የእንጨት ችንካርና ጠፍር ነው። በጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንዲህ ያለው እስር ምን ያህል እንደሚይዝና ክብደት ሲያርፍበት እንዴት ሳይሰበር እንደሚለምጥ ያውቀዋል። ልኩም ከባለቤቱ አካል ይወሰዳል፤ በምዕራብ ግሪንላንድ በተለመደው ደንብ ርዝመቱ ባለቤቱ እጁን ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ሦስት እጥፍ፣ ወርዱ የዳሌው ስፋት ሁለት ጭብጥ ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተጽፏል፤ እኔም እዚሁ ልተወው።

ስፌቱ ዘንድ ቀረብ ብለን እንይ። አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ጠጉሩ ይለቀቃል፤ ኡሉ በሚባለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው ቢላ ስቡ ይፋቃል፤ ከዚያ ይወጠራል። (አንባቢ አቆስጣን ከኦሪት ዘጸአት ያውቀዋል፤ ለመገናኛው ድንኳን መደረቢያ ከታዘዙት ቁርበቶች አንዱ ነው።) ሁለት ቆዳዎች ሲጋጠሙ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረብና በአንድ ወገን ይሰፋል፤ ተገልብጦ ደግሞ የተደረበው ክንፍ በሌላው ወገን ዳግም ይሰፋል። ምሥጢሩ መርፌው ላይ ነው። መርፌው ቆዳውን በስቶ በወዲያኛው ፊት አይወጣም፤ በውፍረቱ መካከል ገብቶ፣ በሥጋው ውስጥ ተጉዞ፣ በገባበት ወገን ይወጣል። በሁለቱም መስመር እንዲህ ስለሚደረግ ከውጭ እስከ ውስጥ የዘለቀ አንድም ቀዳዳ አይኖርም። ክሩ ጅማት ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ መርፌው ያለፈበትንም ይደፍናል። የቆዳው ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ መርፌን ግማሽ መንገድ ላይ እየመለሱ ሜትሮች መስፋት የልጅነት ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

ሽፋኑ እንጨቱ ላይ የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንዲወጠር። በዚህ ምክንያት ሥራው ለነገ አይባልም። የመንደሩ ሴቶች በግራና በቀኝ ተቀምጠው ቆዳው ሳይደርቅ የጀልባውን የላይኛ ወለል የመሐል ስፌት ይጨርሱታል። የተሳሳተች አንዲት ስፌት ዋጋዋ ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው የሰፊዋ ባል ወይም ወንድም ብቻውን ከዳር ርቆ፣ በረዶ ለመሆን ትንሽ በቀረው ውሃ ላይ ሲሆን ነው። ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ እጅ በብዙ ቤተ መዘክር መዝገብ ውስጥ አንዲት ሐረግ ብቻ ማግኘቱ የሚገርም ነው። ለነገሩ እኛም በዚህ ለመፍረድ ብዙ አፍ የለንም፤ በቆዳ ላይ ተኝተን፣ በስልቻ እህል ጭነን፣ ቆዳውን የሚፍቀውን ሰው ግን ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ነን።

የቆዳው መዘንጋት በጥናቱ ላይ ስሕተትም አምጥቷል። የቆዳ ጀልባ በሥራ ላይ ሳለ እንክብካቤው የዕለት ተዕለት ነው። ውሃ ውስጥ ለቀናት ከተተወ ቆዳው ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አዳኙ ሲመለስ ጀልባውን አውጥቶ ያደርቀዋል፤ ቆዳው በየጊዜው ዘይት ይቀባል። የጣና ታንኳ ባለቤትም ደንገሉን ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ማቆሙ ከዚሁ የራቀ ልማድ አይደለም። የካያኩ ቆዳ በበረዶ ስለት ሲቀደድ ለጊዜው ስብ ይጠቀጠቅበታል፣ ዳር ሲደርስ ይጣፋል። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሽፋኑ እንዳለ ይወልቅና አጽሙ አዲስ ይለብሳል። ቤተ መዘክር የገባ ካያክ ይህ ሁሉ ይቋረጥበታል። በሞቀ ደረቅ አዳራሽ ውስጥ ቆዳው መኮማተሩን ሳያቆም እንጨቱን ያጣምማል፤ ጫፎቹን ወደ ላይ ይስባል፣ አግዳሚዎቹን ያጎብጣል። ከዚያ ተመራማሪው ሜትሩን ይዞ ይመጣል። ከእንዲህ ያለ ጀልባ የተነሣ ንድፍ የአናጢውን ሐሳብ ይሁን የማሞቂያውን ሥራ እንደሚያሳይ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት፤ ሁልጊዜ አልተጠየቀም።

ንድፍ ብቻውን ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የኬን ቴይለር ታሪክ ያሳያል። የግላስጎው ተማሪ የነበረው ቴይለር በ1959 ምዕራብ ግሪንላንድ ኢሎርሱት በተባለች መንደር የበጋውን ወራት አሳለፈ፤ ኢማኑኤል ኮርኔሊውሰን የተባለ አናጢ የሠራለትንም ካያክ ይዞ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ። ደንከን ዊኒንግ በ1964 ጀልባዋን ለክቶ ነደፋት። ንድፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ጄፍ ብላክፎርድ ለራሱ ቁመት አሳድጎ በኮምፔንሳቶ ሠራት፤ በ1970ዎቹም ከዚያው ቅርጽ አናስ አኩታ የተባለችው የፋይበርግላስ ካያክ ወጣች። የዛሬው የብሪታንያ የባሕር ካያክ ከዚህ ዘር ነው። የአናጢው ስም ተጠብቋል፤ ይህም በዚህ መስክ ብርቅ የሆነ ጨዋነት ነው። ቆዳዋን ማን እንደሰፋት ግን በየጊዜው በሚተረከው በዚህ ታሪክ ውስጥ አይነሣም። ፋይበርግላስ ደግሞ ስፌት ስለማያስፈልገው ጥያቄው ራሱ ተረሳ።

የዘመኑ ሠሪዎች ቆዳውን በሸራና በናይለን መተካታቸው እንደ ክህደት ሲቆጠር ይሰማል። እኔ አልስማማም። ከራክ የተባለውን የአየርላንድ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች የከብት ቆዳን በሬንጅ በተቀባ ሸራ የለወጡት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ማንም ከራክ አይደለም አላላቸውም። ሽፋን ድሮም የሚቀየር ነገር ነበር። ናይለኑ በላይኛው ወለል መሐል ላይ ተስቦ በእጅ ይሰፋል፣ ከዚያ በፖሊዩሬቴን ይለበጣል፤ ውሃ የሚከለክለው ልባጡ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስፌቱ ጨርቁን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለበትም፤ የማንም ጀማሪ እጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወጣዋል። ጀልባዋ ከ15 ኪሎ ብዙም ሳትርቅ አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከማት ሆና ትቀራለች፣ ድንጋይ ሲመታት ትለምጣለች፤ ከአጽሙ የተወረሰው ሁሉ አለ። የተቋረጠው መርፌው ያውቀው የነበረው ነው።

መርፌው የሚያውቀው ነገር በችግር ቀን ምን እንደሚያደርግ የቲም ሰቨሪን ጉዞ አሳይቷል። ሰቨሪን የአየርላንዳዊውን መነኩሴ የቅዱስ ብሬንዳንን የባሕር ጉዞ ትረካ ለመፈተን በ49 የበሬ ቆዳ በተሸፈነ፣ የበግ ሱፍ ቅባት በተቀባ ጀልባ በ1976 ከአየርላንድ ተነሣ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ካናዳ ሲቃረቡ ተንሳፋፊ በረዶ ቆዳውን ቀደደው። ሌሊቱን ውሃ ሲጨልፉ አደሩ። ሲነጋ አንደኛው ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሞገዱ በራሱ ላይ እያለፈ ረጅሙን መርፌ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ውስጥ ያለው ተቀብሎ መልሶ ይሰድለታል። እንዲህ እየተቀባበሉ የቆዳ እራፊ ሰፉበት፤ ጀልባዋም በሰኔ 1977 ኒውፋውንድላንድ ደረሰች። ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አትላንቲክ በቆዳ ጀልባ መሻገር እንደሚቻል ለማስረዳት ነው። እኔ ዘንድ ግን ሚዛን የሚደፋው ጥገናው ነው፤ ባሕር መሐል መርፌና ክር የያዘ ሰው የሚጠግነው ጀልባ መኖሩ።

ሁሉም ጸሐፊ አንድ አይደለም። የሃ. ሴ. ፔተርሰን የግሪንላንድ የቆዳ ጀልባዎች ጥናት፣ በእንግሊዝኛ በ1986 የወጣው፣ ለቆዳው ዝግጅትና ለስፌቱ ቦታ ሰጥቷል፤ ደራሲው ያደገው እዚያው በመሆኑ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። የቆዳ ስፌቱ ሥራም ገና አልሞተም። በሰሜን አላስካ ኡትኪያግቪክ የዓሣ ነባሪ አዳኞች በፀደይ በረዶው ላይ ጎትተው የሚወስዱት ጀልባ ዛሬም ኡሚያክ የተባለው ትልቁ ክፍት የቆዳ ጀልባ ነው፤ ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ድምፅ የለውም። ክረምቱ ሲያበቃ ሴቶቹ ተሰብስበው የትልቁን አቆስጣ ቆዳ ካሪቡ በተባለው አጋዘን የተጎነጎነ ጅማት ይሰፉለታል። ቀጣዩ ለኪ ሜትሩን ይዞ ከአናጢው ጋር ከመቀመጡ በፊት ሴቶቹ ወደሚሰፉበት ክፍል ገብቶ የቆዳዎቹን ብዛት፣ የስፌቱን አቅጣጫ፣ የድርቡን ስፋትና የሰፊዎቹን ስም ቢመዘግብ፣ ከቻፔል ንድፍ የጎደለው ሉህ ይገኛል።