ስለ ዘብዴዎስ ልጆች ልመና ሐተታ

ያዕቆብና ዮሐንስ በጌታ ቀኝና ግራ ለመቀመጥ መለመናቸው ከሃይማኖት ነውን ወይስ ከፍቅረ ሢመት? ማርቆስ በ10ኛው ምዕራፍ ራሳቸው ለመኑ ይላል፤ ማቴዎስ ግን በ20ኛው ምዕራፍ እናታቸው እንደ ለመነች ይናገራል። በዚህ ምክንያት ነቀፋውን ወደ እናቲቱ የሚመልስ ተርጓሚ ቢኖር ንባቡ አይረዳውም፤ በማቴዎስም ቢሆን ጽዋውን ለመጠጣት ይቻላቸው እንደ ሆነ የተጠየቁት፥ እንችላለን ብለው የመለሱትም ልጆቹ ናቸውና። የአሥሩም ቍጣ ከዚያው ምኞት የወጣ ነው፤ ጌታ ሁሉን በአንድነት ጠርቶ መምከሩ ይህን ያስረዳል። ታላቅነትን መሻት አልነቀፈም፤ በአገልግሎት እንዲፈለግ አዘዘ እንጂ። እንግዲህ ሹመት የሚሻ ሁሉ በዚህ ይመርመር፤ ዙፋኑን ወዶ ጽዋውን የሚሸሽ ለራሱ ይሻል፤ ዙፋኑ ቢቀርበት እንኳ ጽዋውን የማይተው በሃይማኖት ይሻል። ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ ሞተ፤ ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት መከራ ተቀበለ፤ በፍቅረ ሢመት የተጀመረው ልመና በመከራ ነጽቶ ተገኘ።