መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ እጄ ገባ። የማን እንደሆነና ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደወጣ መናገሩ ለነገሬ አይጠቅምም። ስለ ደቡብ ጎንደር የዜማ ትምህርት የተጻፈ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ጥራዙ ወፍራም። እኔም እንደ ልማዴ ከኋላ ጀመርኩ። ከአባሪዎቹ በአንዱ የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ አለ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ፣ ሥራ፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፤ የትምህርት ደረጃ፦ ማንበብና መጻፍ የሚችል ይላል።

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። የድጓ መምህር ናቸው፤ ወንበር ዘርግተው ተማሪ ሲያወጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ። አጥኚው በጽሑፉ ሦስተኛና አራተኛ ምዕራፍ የሚለው አብዛኛው ነገር ከእሳቸው አንደበት የተቀዳ ነው። እሱ ዶክተር ሲባል እሳቸው ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ተባሉ። ልጁን ልወቅሰው አልፈልግም። መጠይቁ “መደበኛ ትምህርት” ብሎ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ሣጥን ሠርቷል፤ የኔታ የሚገቡበት ሣጥን የለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ የዕውቀት ዘርፍ የመጨረሻውን ማዕረግ እስኪቀበል ድረስ፣ ፊቱ የተቀመጠው ሰው የዚያው ዘርፍ ሊቅ መሆኑን እንዲያይ የሚያደርግ ሥልጠና አለማግኘቱ ነው።

አካባቢውን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ብርድ እየቀመሰ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው የሚገባው ጋይንት ነው። ጋይንት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ማስመስከሪያዎች አሉ፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት። ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደግሞ በአቋቋሙ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቤተልሔምን “ያገኛት” ያህል ተወርቶለታል። እሱ በበቅሎ እየተንገላታ ከመድረሱ በፊት ግን ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ ሁሉ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ማስመስከር የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አንድ የድጓ ተማሪ ባገሩ ዓመታት ተምሮ “ጨረስኩ” ቢል ዋጋ የለውም። ቤተልሔም ሄዶ ድጓውን እንደገና ከሥር ጀምሮ ይዘልቀዋል። መምህሩ ፊት ያሰማል፣ ይታረማል፣ የአገሩ ዜማ ከቤተልሔም የተለየበት ቦታ ይነቀስለታል፤ ቆማና አጫብር የሚባሉ ሌሎች የዜማ ቤቶች እንዳሉም ያውቃል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። በመጨረሻ የሚመሰከርለት ስለ አንድ ምዕራፍ ወይም እሱ ስለ መረጠው አንድ ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ዓመቱ ዙሪያ፣ ስለ ሙሉው ድጓ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጉባኤ ቤት ውስጥ የኔታ ሁሉን ሰው አያስተምሩም፣ ሊያስተምሩም አይችሉም። ጀማሪውን የሚያስጠናው ከእሱ ደረጃ የቀደመው ተማሪ ነው። ቅኔ ቤት ይህ ሰው ስም አለው፤ አስነጋሪ ይባላል። ጉባኤ ቃና የቆጠረ ገና ዘአምላኪየ ለመግባት ሲታገል፣ መወድስ የደረሰው የእሱን ቅኔ ይሰማለታል፤ ቤቱ የጎደለውን፣ ሰምና ወርቁ የተፋታበትን ያርመዋል። የኔታም እልፍ ብለው ተቀምጠው ሁለቱን ይሰማሉ። ሲያርሙ የሚያርሙት ተቀኚውን ብቻ አይደለም፤ አራሚውንም ነው። እንግዲህ ያ ልጅ ሙሉ ቤት ሆኖ ሲወጣ ማስተማርን እንደ አዲስ ሥራ አይጀምረውም። ለዓመታት ሲሠራው፣ ሲሳሳትበት፣ ሰው ፊት ሲታረምበት የኖረ ነገር ነው። በላዩ ላይ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን “አዲስ አስተዋጽኦ” እያሉ በየመመሪያው የሚጽፉትን ነገር የቅኔ ተማሪ በየቀኑ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ዶክትሬቱ እንምጣ። ቃሉ ላቲን ነው፤ ሥሩም ማስተማር ነው። በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛና በፓሪስ ዶክተር ወይም ማስተር መባል ወንበር ይዞ ለማስተማር ፈቃድ ማግኘት ነበር፤ ከጋይንቱ ምስክርነት ብዙ አይርቅም። በጽሑፍ የሚገኘውን የምርምር ዶክትሬት ያደራጁት በ19ኛው ምዕት ዓመት የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1810 ተከፈተ፣ አሜሪካኖቹም ተከትለው የል በ1861 የመጀመሪያውን ፒ.ኤች.ዲ. ሰጠ። ግን ጀርመኖቹ ከጽሑፉ ጀርባ ሴሚናር ነበራቸው፤ ተማሪዎች ምንጩን ይዘው ከፕሮፌሰሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚከራከሩበት፣ አንዱ የሌላውን ንባብ የሚፈትንበት ቤት። ያም በራሱ መንገድ ጉባኤ ቤት ነው። እኛ ነገሩን ስናስመጣ ሴሚናሩን እዚያው ትተን ጥራዙን ብቻ ጭነን መጣን ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ዶክትሬቱ በዚያው አሥርት መጨረሻ ግድም ተከተለ። ከዚያ በፊት ምሁር የሚሠራው ውጭ አገር ነበር። በኋላም ከስዊድን ጋር እንደ ተደረገው “ሳንድዊች” የተባለው ስምምነት ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ሆነ። ከነዚያ የቀድሞዎቹ መካከል በታሪክና በግዕዝ ጥናት ስማቸው ቀድሞ የሚጠራውን ሁለቱን እንውሰድ፤ ታደሰ ታምራትንና ጌታቸው ኃይሌን። ታደሰ ለንደን፣ ጌታቸው ቱቢንገን ተማሩ። ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ፣ ጌታቸውም በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር ያወጡት በአውሮፓ ሥልጠና ብቻ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ፈረንጅ አገር ሲሻገሩ ግዕዙንና የቤተ ክህነቱን ትምህርት ይዘው ነው። ዶክትሬቱ ከላይ የተደረበ ነበር። ያን መሠረት ያኖረላቸው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ ተገለገለበት እንጂ። ዛሬ ያ መሠረት የሌለው ልጅ ያንኑ ድርብ እንዲለብስ ይጠየቃል፤ ከሥር ምን አለው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ዩኒቨርሲቲው በዛ። ደብረ ታቦርም የራሷን አገኘች፤ ደስ ይላል፣ የምቀኝነት ነገር የለብኝም። አዲሶቹ መምህር ስለሚያስፈልጋቸው ዶክተር በብዛት እንዲመረት ታዘዘ። የሚማረው ሰው ራሱ መምህር ነው፤ ሸክሙ ሳይቀነስለት፣ ልጆቹን ጥሎ፣ በአበል ሳይሆን በብድር እየተመላለሰ ይማራል። አማካሪው ከአቅሙ በላይ ተማሪ ይዟል፤ የሚገናኙት በስልክና በምዕራፍ ረቂቅ ነው። በዚህ ላይ ከምረቃ በፊት ጽሑፍ ታትሞ እንዲቀርብ የሚጠይቁ አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ግን ገንዘብ ተቀብለው ሳያነቡ የሚያትሙ መጽሔቶችን ገበያ አደራላቸው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ጦርነት መንገዱን ዘግቶ፣ መስክ መውረድ ያልቻለው ተማሪ በሁለት ቃለ መጠይቅ አንድ ምዕራፍ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? እንግዲህ ይህ ሰው በማግሥቱ የሌላ ዶክትሬት ተማሪ አማካሪ ይሆናል። ማማከርን ማን አስተማረው? አንድ ቀን እንኳ ተማሪ ሲያርም ቁጭ ብሎ የሰማው የኔታ አልነበረውም።

ጉባኤ ቤቱን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብ ፈራሁ። ረሃቡን፣ ለምኖ ማደሩን፣ የውሻውን ንክሻ፣ ተስቦውን ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ለሰው ልጅ የምመኝ አይደለሁም። ሴቶችን አግልሏል። በጎጃም ከአባታቸው ተምረው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው አቻ ስላጡ ነው፤ ያ ለእሳቸው ክብር ቢሆንም ለቤቱ ሐፍረት ነው። ደግሞም ቤቱ አዲስ ነገር አይወድም። የፎገራው የናበጋ ጊዮርጊስ ሰው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ይታወሳሉ እንጂ ዋናው ሥራቸው ሌላ ነበር። የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምረውት ደብረ ታቦር ላይ አስተማሩት፤ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው ይባላል። ትረካው እንደሚለው ከሆነ አዲሱ ዕውቀት የዳነው በጽሑፍ አልነበረም፤ የሚያስተምረው ሰው ስለ ተገኘና ሌላ ከተማ ላይ ሌላ ወንበር ስለ ነበረ ነው። ሁሉም ምስክርነት አንድ ቦታ ቢሆን ኖሮ ዝማሜው ከአባትየው ጋር በተቀበረ።

“ይህ ለዜማና ለቅኔ ይሆናል፤ ለኬሚስትሪስ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የኬሚስትሪውም ተማሪ ቢሆን ሙያውን የሚማረው ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚቀድመው ሰው እጅ ነው፤ እሱም ለሚከተለው ማሳየት ሲጀምር ነው የገባው መሆኑ የሚታወቀው። ልዩነቱ የእሱ የኔታ ጋይንት አለመኖራቸው ብቻ ነው። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተማሪው ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት ዘርፉን ከዳር እስከ ዳር በቃል ይፈተን፤ ስለ ራሱ ርዕስ ሳይሆን ስለ ሙሉው። ያላስተማረ፣ ሲያስተምርም በአማካሪው ያልታየና ያልታረመ አይመረቅ። ድጓን የሚያጠና አንድ ዓመት እንኳ ጉባኤ ቤት ይቀመጥ፤ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ሳይሆን ቀለም ይዞ። የጻፈውንም የተጻፈላቸው ሰዎች በሚሰሙት ቋንቋ ቆሞ ያቅርብ። አንዱን ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር፤ ይህ ከተደረገ የሚመረቀው ቁጥር ያንሳል። እኔ ይነስ ባይ ነኝ።

ያን ጥራዝ ይዤ ቁጥር ሰባት ዘንድ ሄጄ ነበር። ስለ እሳቸው የተጻፈውን ወዳማርኛ እያቃናሁ አነበብኩላቸው፤ ሠንጠረዡን ግን አለፍኩት። በጥሞና ሰሙኝ። ሁለት ቦታ “ይህስ እንዲህ አይደለም” አሉ፤ አንደኛው ጾመ ድጓን ከድጓው ያምታታበት ነው። ከዚያ “ልጄ፣ ልጁ ድጓ ዘልቋል?” አሉኝ። አልዘለቀም አልኳቸው። “ታዲያ ማን መሰከረለት?” አሉ። ሦስት ፕሮፌሰሮች ብዬ መለስኩ። “እነሱስ ዘልቀዋል?” ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ፣ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ለሆነ ሰው፣ አጫወትኩት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቀርብ የኔታን ከፈታኞቹ እንደ አንዱ ለምን አትጠሯቸውም አልኩት። ሐሳቡን አልጠላውም። ፈታኝ ቢያንስ ዶክትሬት ይኑረው የሚል ደንብ እንዳለ አስታወሰኝ፤ ደግሞም የፈታኝ አበል በማዕረግ ስለሚተመን “በየትኛው እርከን እንከፍላቸዋለን?” አለ። ቅጹን አሳየኝ። ስም፣ ማዕረግ፣ ፊርማ ይላል። ማዕረግ በሚለው ላይ መሪጌታ ተብሎ ቢጻፍ ቅጹ ይበላሽ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀና ቡና አዘዘልኝ።